ክርን የማያሳይ መጋረጃ

አባቴ አናጺ ነበር። ጅማ መርካቶ አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት በርጩማ ይጠርባል፣ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል፣ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ዋንዛ ሲላግ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ ያደግሁት በዚያ ሽታና በመጋዝ ድምፅ መካከል ነው።

በ1997 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ከቀበሌ መጡና ለምርጫ ጣቢያ የሚሆን ሁለት የመጋረጃ ማቆሚያ አዘዙት። ጨርቁን እነሱ ያመጣሉ፣ እንጨቱን እሱ ይችላል። ለአባቴ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ አራት ቋሚ፣ ጥቂት አግዳሚ፣ ሚስማር፣ አለቀ። እሱ ግን ሦስት ቀን ፈጀበት።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ማቆሚያውን ሳሎናችን መካከል አቆመው። የእናቴን ነጠላ አለበሰውና ከውስጡ ጠረጴዛ አስገባ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቶኝ «ግቢና የፈለግሽው ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ» አለኝ። ገባሁ። እሱ ዙሪያውን እየተራመደ ከጎን አየኝ፣ ጎንበስ ብሎ አየኝ፣ በር ላይ ቆሞ አየኝ። ከዚያ «ከላይ ሁለተኛው ላይ ነው ያደረግሽው» አለ። ትክክል ነበር። ወረቀቱን እንዳላየው አውቃለሁ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ክርንሽ ይታያል። ስሞቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚደረደሩት። ክርን ከፍ ካለ ከላይ፣ ዝቅ ካለ ከታች ነው። ወረቀቱን ማየት አያስፈልግም።»

በማግስቱ ኮምፔንሳቶ ገዝቶ መጣ። ያዘዙት ሰዎች ያልጠየቁትንና ያልከፈሉበትን ኮምፔንሳቶ በሁለቱም ጎን መታበት፤ ቁመቱን ከትከሻ በላይ አደረገው። እንደገና አስገባኝ፣ እንደገና ዞረኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ የማየው ነገር የለም ብሎ አስረከበ። እናቴ ስለ ወጪው አነሳችበት። «ይሄ የኔ ድርሻ ነው» ብቻ ነበር መልሱ።

ያን ጊዜ ነገሩን ከልክ በላይ ያከረረው መስሎኝ ነበር። የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ ያወጣሁበት ዓመት ነው። ለኔ ምርጫ ማለት በሬዲዮ የምሰማው ክርክር፣ የፓርቲዎቹ ምልክት የነበሩት ንብና ሁለት ጣት፣ በየቡና ቤቱ የሚሞቀው ወሬ ነበር። መጋረጃው መጋረጃ ነው። ለምን እንደዚያ እንደተጨነቀ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ 1979 ሲያወራኝ ነው።

በጥር 1979 ደርግ ረቂቅ ሕገ መንግሥቱን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ። አባቴ ወጣት አናጺ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ አንድ ሰው ከጎኑ ቆሞ እንደነበር ይናገራል። አላስገደደውም፣ አልተናገረውም፣ ቆሞ ብቻ ያይ ነበር። አባቴ እጁ ወደ የትኛው እንደሄደ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም፤ ያልተናገረው ስላፈረበት ይመስለኛል። መንግሥት ያን ጊዜ ያወጣው ቁጥር ድምፅ መስጠት ከሚችለው 14 ሚሊዮን ሕዝብ 96 በመቶው ተሳትፏል፣ ከተሳተፈው 81 በመቶው ደግፏል የሚል ነበር። የሒሳብ መምህርት ሆኜ ከቁጥር ጋር ስኖር እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደጋግሜ አስባቸዋለሁ። 96 በመቶ! ከጥቂት ወራት በኋላ በሰኔ ለሸንጎ፣ ማለትም ለሥርዓቱ ፓርላማ፣ ምርጫ ተካሄደ፤ አራት ዓመት ሳይሞላ ያ ሥርዓት ወደቀ። ያ ሁሉ ተሳታፊ አንድም ቀን ሥርዓቱን የኔ ነው ብሎ አልቆመለትም።

ስለዚህ የምርጫ ተሳትፎ ይህን ያህል በመቶ ደረሰ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክርን ነው። ይታይ ነበር ወይስ አይታይም?

ግንቦት 7 ቀን 1997 እሑድ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እናቴ ቀሰቀሰችኝ፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ አስፋልት ደርሷል። ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው፣ እናቶች ልጅ አዝለው፣ ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው። ማንም ማንንም ውጣ ብሎ አላስገደደም፣ ማንም ስም አልመዘገበም። ከኔ ፊት የቆሙ አንድ አዛውንት ካርዳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ከልብሳቸው ውስጥ እያወጡ ያዩታል፣ መልሰው ያስገቡታል። ተራዬ ደርሶ ከአባቴ ኮምፔንሳቶ ጀርባ ስገባ ከውጭ ያለው ድምፅ ሁሉ ራቀኝ። በሕይወቴ ማንም ያላየኝ፣ ማንም ምን አደረግሽ ብሎ ሊጠይቀኝ የማይችል ደቂቃ ቢኖር ያ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኮሮጆው ውስጥ ስጨምር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ አሸነፈ፤ በሌላው አገር ውጤት ላይ ክርክር ተነሣ፤ በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። አባቴ በዚያ ሰሞን ሬዲዮ መስማት አቆመ። ከምርጫው በኋላ የተመለሰለትን ማቆሚያ ፈታትቶ እንጨቱን ጓዳ ውስጥ አስቀመጠው።

በ2002 ገዥው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ሁሉንም። በሁለቱም ምርጫዎች የተነገረው ተሳትፎ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። ሰልፍ እንደነበር አልክድም፤ ሰልፉን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በ2007 እኔ በማስተምርበት ቦታ አንድ የ«አንድ ለአምስት» ጠሪ፣ ሰውን በአምስት በአምስት አደራጅቶ የሚከታተል ሰው፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ «ካርድ አውጥተሻል? ቁጥሩን አስመዝግቢ» ይል ነበር። ካርድ ማውጣት መብቴ እንጂ ግዴታዬ አይደለም አልኩት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት ይላል፤ ግዴታ የሚል ቃል የለበትም። ሰውየው አልተቆጣም። «እኔን ደግሞ ሪፖርት ይጠይቁኛል» አለኝ በልመና። አዘንኩለት፣ ቁጥሬንም ሰጠሁት። የሰጠሁት እሱን ከወቀሳ ለማዳን መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በዚያ ዓመት ከተሰለፉት ስንቶቹ እንደኔ ለሰው አዝነው የወጡ ይሆኑ?

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር መናገር አለብኝ። ክፍልፋይ ሲሰጥህ አካፋዩን ጠይቅ እላለሁ ለተማሪዎቼ። የምርጫ ተሳትፎ በመቶኛ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ አካፋዩ የተመዘገበው ሕዝብ ነው እንጂ 18 ዓመት የሞላው ሕዝብ ሁሉ አይደለም። ካርድ ያልወሰደ ሰው በስሌቱ ውስጥ የለም፤ መጣም ቀረም አይቆጠርም። በ2013 ምዝገባው ቀዝቅዞ ጊዜው ተራዘመ፤ በመጨረሻ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበና ከእነዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ እንደሰጡ ምርጫ ቦርዱ አስታወቀ። ቁጥሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ካርድ ስላወጡት ነው፤ እኔ ደግሞ ማወቅ የምፈልገው ካርድ ማውጣት ምን ያደርግልኛል ብሎ ቤቱ ስለቀረው ሰው ነው። ያ ሰው ሰነፍ አይደለም። ሰፈሬ ውስጥ አውቀዋለሁ፤ ለእድርና ለለቅሶ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው።

ሌላም አለ። የእኛ ሕግ በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል ነው የሚለው። ይህን ሰሌዳ ላይ አስልቼ አሳይቻለሁ። ከ100 ድምፅ አንዱ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ ወንበሩ የባለ 40 ነው። አንዲት ተማሪ «ታዲያ 60ዎቹ የት ሄዱ?» አለችኝ። የትም አልሄዱም፣ ኮሮጆው ውስጥ ቀሩ። በብዙ የምርጫ ክልሎች እንዲህ ሲደጋገም ከሕዝቡ ብዙ ድምፅ ያገኙ ፓርቲዎች ምክር ቤት ውስጥ አንድም ወንበር ላይኖራቸው ይችላል። ያቺ ልጅ የጠየቀችውን ጥያቄ አገራችን ቁጭ ብላ ልትነጋገርበት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የተሸናፊው ድምፅ መጠለያ ከሌለው በሚቀጥለው ጊዜ ሰልፍ ላይ አይገኝም።

ከጅማ ወጣ ብሎ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ከእንጨት ሥራው ይልቅ ስለ ሥልጣን ማውራት ይቀናኛል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ዩኔስኮ በ2009 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የጊቤ አካባቢ ግዛቶች ግን ከዚያ ሥርዓት ወደ ንጉሥ የተሻገሩ ናቸው፤ ጅማም አንዷ ናት። ሰገነቱ ላይ ቆመን ከተማዋን ቁልቁል ስናይ ሥልጣን ቀን ተቆርጦለት የሚወርድበትን ልማድ ይህ ምድር ከወረቀት በፊት ያውቀው እንደነበር እነግራቸዋለሁ።

ወደ ሰኔ 14 ቀን 2013 ልምጣ። መጀመሪያ ለነሐሴ 2012 ተይዞ በኮሮና የተራዘመው ስድስተኛው ምርጫ ነው። እኔ በዚያ ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥልጠና ወሰድን፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ን አነበብን፣ ማኅተምና ቀለም፣ መዝገብና ኮሮጆ ተረከብን። የድምፅ መስጫው ክፍል አሁን ተጣጥፎ የሚመጣ ካርቶን ነው፤ እንጨትና ጨርቅ ቀርቷል።

ከዋዜማው ማታ ክፍሉን ስናሰናዳ ካርቶኑን መስኮት ሥር ባለው ዴስክ ላይ አቆሙት። ብርሃን እንዲኖረው ነው። እኔ አንዷን ባልደረባዬን አስገብቼ እንደ አባቴ ዞርኩ። ከውስጥ ምንም አይታይም። ወጥቼ በመስኮቱ በኩል ከጓሮ ሳይ ግን ጀርባዋ፣ ትከሻዋ፣ ቀኝ ክርኗ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዴስኩን አንሥተን ጀርባው ወደ ግድግዳ እንዲሆን አዞርነው። ብርሃኑ ቀነሰ፤ ለዓይነ ደካሞች ባትሪ አዘጋጀሁ። ባልደረቦቼ አልተቃወሙም፣ ግን ለምን እንደዚያ እንደጠበቅኩ ግር እንዳላቸው ገብቶኛል።

ሰኞ ነበር፣ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ይጥላል። ከ12 ሰዓት በፊት ሰልፍ ተይዟል። ጃንጥላ፣ ላስቲክ፣ የእንሰት ቅጠል ሳይቀር ራስ ላይ ተደርጓል። በዚያው ቀን በዞናችን በበሻሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ድምፅ ይሰጡ ነበርና ብዙ ካሜራ ወደዚያ ሄዷል፤ የእኛን ጣቢያ ያየ ካሜራ አልነበረም። መጥፎም አይደለም፤ ሰው ጸጥ ብሎ ሥራውን ሠራ። በመዝገቡ ስም እንፈልጋለን፣ ካርድ እናያለን፣ ጣት ላይ ቀለም እንቀባለን፣ ሁለት ወረቀት እንሰጣለን፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለጨፌ፣ ለኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት።

ከቀትር በፊት አንዲት አሮጊት መጡ። ሰፈሩ «አዴ» ነው የሚላቸው። ወረቀቱን ከሰጠኋቸው በኋላ ወደ ካርቶኑ አልሄዱም፤ እኔው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና አውራ ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉልኝ። «አዴ፣ እዚህ አይደለም፣ ወደዚያ ይግቡ» አልኳቸው በአፋን ኦሮሞ። «ምን አስደበቀኝ ልጄ? የሰረቅኩት የለም» አሉኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ያያቸዋል። ምን እንደምመልስ ለጊዜው ጠፋኝ። ከዚያ «የሰረቁት ስለሌለ አይደለም አዴ፤ የእርስዎ ስለሆነ ነው። ገንዘብዎን መንገድ ላይ ይቆጥራሉ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ሥር አደረጉና ቀስ ብለው ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ከዚያ ፊት በላይ ስለ መምረጥ መብት የነገረኝ መጽሐፍ የለም። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ፣ ለሴትም ለወንድም የመምረጥ መብት ሰጥቶ፣ ያለ አንድም የፖለቲካ ፓርቲ በተካሄደው የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሰንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆነዋል። መብቱ ከአዴ ልጅነት ጀምሮ ነበረ ማለት ነው። የደረሳቸው መቼ እንደሆነ ግን እኔ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚቆረቁረኝን ነገር ደብቄ አላልፍም። በዚያ ምርጫ የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ኦፌኮና ኦነግ አመራሮቻቸው መታሰራቸውንና ጽሕፈት ቤቶቻቸው መዘጋታቸውን ገልጸው አልተሳተፉም፤ በኦሮሚያ በብዙ የምርጫ ክልሎች ገዥው ፓርቲ ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። ከተገለጹት 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን አሸነፈ። ክርን የማያሳይ መጋረጃ ሠርተህ ውስጥ የሚጠብቅህ አንድ ስም ከሆነ መጋረጃው ምን ይሸፍናል? መጋረጃው ትርጉም የሚኖረው ወረቀቱ ላይ ክርን ከፍና ዝቅ የሚያሰኝ ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ስለ ምርጫ ተሳትፎ የሚያስብ ሁሉ ከድምፅ መስጫው ቀን ወደ ኋላ ብዙ ወራት መመለስ አለበት፤ ማን እጩ መሆን ቻለ፣ ማን አዳራሽ ተከለከለ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ፈርቶ ተወ። እኔ በአንድ ቀን ዴስክ ማዞር እችላለሁ። ያንን ግን ከአስፈጻሚ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ማስተካከል አይቻልም።

በብዙ ቦታ ሰልፉ ስላላለቀ ቦርዱ የመዝጊያውን ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመ። ቆጠራው የተጀመረው ሁላችንም እግራችን አብጦ፣ ጉሮሯችን ደርቆ ነው። ኮሮጆው በወኪሎችና በታዛቢዎች ፊት ተከፈተ። አንዷ ወረቀቱን ታነሣለች፣ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ለሁሉም ታሳያለች፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ አምስት አምስት እያደረገ ይሰርዛል። መብራት ሄደ፤ ለዓይነ ደካሞች ያመጣሁት ባትሪ ለቆጠራ ዋለ። በዚያ ብርሃን አንዲት ወረቀት እጄ ገባች። አራት ጊዜ የታጠፈች ናት፤ ጠርዟ ከጠርዟ ገጥሞ፣ በጥፍር ተስሎ። ዘረጋኋት። ባዶ ነበረች። መስመር የለባት፣ ጣት የለባት፣ ነጥብ እንኳ የለባትም።

«ዋጋ አልባ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ደንቡ እንደዚያ ነውና። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አመመኝ። ይህ ሰው ካርድ አውጥቷል፣ በዚያ ዝናብ ለሰዓታት ተሰልፏል፣ ጣቱን ተቀብቷል፣ ማንም በማያየው ቦታ ገብቶ ወረቀቱን እንደ ደብዳቤ አጥፎ ከቷል። ተሳስቶ አይደለም፤ የተሳሳተ ሰው እንደዚያ አያጥፍም። በመቶኛው ውስጥ ከተሳተፉት አንዱ ነው። በውጤቱ ውስጥ ደግሞ ዋጋ አልባ ከሚለው ዓምድ ሥር አንድ ጭረት ነው። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወረቀቶች ሁሉ ያቺን ነው የማስታውሳት። ወኪሎቹም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ቆጠራው ቀጠለ።

ውጤቱን ሞልተን፣ ፈርመን፣ አንዱን ቅጂ በር ላይ ስንለጥፍ ሌሊት 8 ሰዓት አልፏል። ዝናቡ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ጎማ ላስቲክ አለበስነው። ይህ ውጤት መለጠፍ ቀላል ነገር ይመስላል። ለኔ ግን ከመጋረጃው ቀጥሎ ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ በነጋታው ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ቆሞ የሰፈሩን ቁጥር ማንበብ መቻሉ፣ በኋላ ከሚነገረው ጋር ማስተያየት መቻሉ። ጠዋት ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጣቱን እያስኬደ ሲያነብ አግኝቼዋለሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ አልተኛም። ዓይኑ ደክሟል፣ እጁም እንደ ድሮው መጋዝ አይዝም፤ ቀን ላይ መጥቶ ድምፁን ሰጥቶ ነበር፣ ግን በሰልፉ ጫጫታ መካከል ሰላም ከመባባል ሌላ አልተነጋገርንም። ጋቢውን ተከናንቦ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ማን አሸነፈ እንደሚለኝ ጠብቄ ነበር።

«ያ ካርቶን» አለኝ፣ «እኔ ስገባ ክርኔ ይታይ ነበር?»

«አይታይም ነበር አባዬ። ከመስኮቱ በኩልም አይቻለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ተነሥቶ ወደ መኝታው ሄደ።